የብሎክ ዘጠኝ ጨው ቀማሽ

ብሎክ ዘጠኝ በከተማው ኑሮ ያልከበደው ሕንፃ ተብሎ የተሸለመው በ2071 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ ነው። ሁለት ሠራተኞች መጥተው «ጫና የሌለበት ሕንፃ» የሚል ሰሌዳ ከመግቢያው በር ጎን በብሎን አሰሩልን፤ እኛም አጨበጨብን። ሰሌዳው ፕላስቲክ ነው፤ ብሎኖቹ ብረት ነበሩ። በማግስቱ ብሎኖቹ ተፈትተው ተወስደዋል። ወለሉ ላይ ያገኘነውን ሰሌዳ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው መደገፊያ አድርገነዋል።

ሽልማቱ ምድጃችንን ይዞብን ሊሄድ እንደሆነ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ትርሲት እባላለሁ። የሕንፃው የጋራ ድስት ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ማኅበራችን የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፤ ድሮ ሱቅ በነበረው የምድር ቤት ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ድስት እንጥዳለን። ያለው ያለውን ያመጣል፣ የሌለው ሳህኑን ያመጣል። ምድጃውንም፣ ምድጃው የሚበላውን መብራትም የሰጠን የኑሮ ማቅለያ ፈንድ ነው። ፈንዱ ለእንደኛ ዓይነት ትንንሽ ማኅበራት ትንንሽ ድጎማ ይሰጣል፤ በዓመቱ አይቶ ያድሳል ወይም ያነሳል። በየቤታችን ማብሰል ከተውን ቆይተናል። የቤት ምድጃ በደቂቃ ስለሚከፈልበት፣ ሽሮው እስኪንተከተክ የሚሮጠው ቆጣሪ ከሽሮው በላይ ያስከፍላል። ሰው በገዛ ቤቱ ቆሞ ቆጣሪ ሲያይ ምግቡ ከመብሰሉ በፊት ሆዱን ይቆርጠዋል።

ድስቱ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላበት ነው። ሥጋው በማን ቢላዋ ይታረድ የሚል ክርክር ተነስቶብን አያውቅም፤ ሥጋ ራሱ ተነስቶ አያውቅማ። ሽሮ፣ ምስርና ድንች ሃይማኖት አይጠይቁም። አብሳያችን ሩቂያ ናት፤ እኔና እሷ አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ነን።

ከአሥራ ሁለተኛው ፎቅ ደግሞ ጋሽ አሰግድ አሉ። ጡረታ የወጡ የሚዛን ተቆጣጣሪ ናቸው፤ በጉልበታቸው ዘመን ገበያ ውስጥ ሲገቡ ነጋዴው ሁሉ ሚዛኑን የሚያራግፍላቸው ሰው ነበሩ። የጡረታ ገንዘባቸው በወጡበት ቀን ልክ ቆሞ ቀረ፤ ዋጋው ግን መንገዱን ቀጠለ። መጀመሪያ ሶፋቸው በአሳንሰሩ ወርዶ አልተመለሰም። ቀጥሎ ቁም ሣጥናቸው ወረደ። እሳቸው ራሳቸው በእግራቸው ነው የሚወርዱት፤ አሳንሰሩ በፎቅ ልክ ስለሚያስከፍል መሆኑን እናውቃለን፣ እሳቸው ግን ሐኪም አዝዞኝ ነው ይላሉ። ሳህን ይዘው መጥተው አያውቁም። ኑ እንብላ ሲባሉ፣ አሁን ከቤት በልቼ መውጣቴ ነው ብለው ያልፋሉ። የበላ ሰው መልክ እንዴት እንደሆነ ግን እናውቃለን።

በአንድ ረመዳን ሩቂያ ጾም ላይ ሆና ስታበስል መቅመስ አትችልም ነበር። ጋሽ አሰግድ በበሩ ሲያልፉ ጠርታ፣ እባክዎ ጨው ይቅመሱልኝ አለቻቸው። ሰው ጨው የሚቀምሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ነው። ጋሽ አሰግድ መዳፋቸውን አይተው፣ ጨው በጠብታ አይለካም አሉ። በሳህን ሰጠቻቸው። ያለ ዳቦ አይታወቅም አሉ፤ ዳቦ ጨመረችላቸው። ሳህኑን አጥርተው ከጨረሱ በኋላ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው «ትንሽ ይጎድለዋል» ብለው ፈረዱ። ሩቂያ አንድ ጭልፋ ደገመቻቸው። ሁለተኛውን ሲጨርሱ፣ አሁን ልክ ነው አሉ። በመካከሉ ጨው የጨመረ ሰው አልነበረም።

ረመዳኑ ወጣ፤ ጋሽ አሰግድ ግን በሥራቸው ቀጠሉ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ኮታቸውን ለብሰው ይወርዳሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ትንሽ ይጎድለዋል ይላሉ፣ ይደገምላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ረመዳንም አልፏል። ስለዚህ ነገር እኔና ሩቂያ እንኳ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። የሰው ገበና ነው።

አሁን ወደ ጠያቂዋ ልምጣ። ፈንዱ በፊት ችግርን በወረቀት ነበር የሚጠይቀው፤ በኋላ ወረቀት ይዋሻል ድምፅ አይዋሽም ተባለና በየበራችን ጠያቂ የምትባል ተናጋሪ መሣሪያ ተገጠመች። ጠዋት በሩን ስትከፍት «እንዴት አደሩ? ኑሮ እንዴት ይዞዎታል?» ትልሃለች። ድምፅዋ የደግ አክስት ድምፅ ነው። ከምትመልስላት ተነስታ ቤትህን አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ትለዋለች፤ ቀለሙም መግቢያው ላይ ባለው ትልቅ የምስል መስኮት ይበራል። ቀይ የሆነ ቤት የተናገረው ቃል ሳይቀር ለአንድ ሳምንት እዚያው ተጽፎ ይቆያል። ከሕዝብ የወጣ ገንዘብ ስለሆነ ሕዝብ ማወቅ አለበት ይላል ደንቡ።

እንግዲህ አስቡት። አገር ሰላም ብሎ በሩን የከፈተ ሰው፣ በደግ አክስት ድምፅ እንዴት አደርክ ሲባል ምን ይላል? ተመስገን ይላል። ሩቂያ አልሐምዱሊላህ ትላለች። ከሥራ የተባረረውም፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረውም፣ ማታ ውሃ ጠጥቶ የተኛውም ተመስገን ነው የሚለው። እንዲህ እያልን ዓመቱን ከረምን። መስኮቱ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ፤ የነሐሴ መስክ መሰለ። ያኔ ሽልማቱ መጣ። ከሽልማቱ ኋላ ደግሞ ድጎማው እንደማይታደስና ምድጃው ኑሮ ወደ ከበደበት ወደ ብሎክ አራት እንደሚዛወር ተነገረኝ። ብሎክ አራት የሚኖር አንድ ሰው ሁለት መኪና አለው፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሲያለቅስ እኛ ድረስ ይሰማል።

የፈንዱ ቅርንጫፍ ሄድኩ። የተቀበለኝ ናሆም የሚባል ወጣት አስተባባሪ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ስህተት አለ፣ ሕንፃችን ውስጥ የተቸገረ ሰው ሞልቷል አልኩት። መረጃው እንዲያ አይልም አለኝ። መረጃው አያውቅም አልኩት። ትንሽ አሰበና ፈገግ ብሎ «ለመሆኑ እርስዎ እንዴት ነዎት፣ እትዬ ትርሲት?» አለኝ።

«ተመስገን» አልኩት።

«አዩ?»

ተናደድኩ። አንተስ እንዴት ነህ ብዬ ጠየቅኩት። ተመስገን አለ። ወዲያው ሆዱ ጮኸ፤ ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን።

ሲሸኘኝ ግን ደንቡን በዝግታ ነገረኝ። በሕንፃው ውስጥ አንድ ቀይ ቤት ካለ ምድጃ አይነሳም፤ አንድ ብቻ ይበቃል። በሚቀጥለው ሰኞ የድጋሚ ጥየቃ ይደረጋል። ሰው ስለ ጎረቤቱ ሊናገር አይችልም፤ ስለ ራሱ፣ በራሱ አፍ፣ እውነቱን ነው መናገር ያለበት፤ ያጠኑትን ውሸት ጠያቂዋ ትለያለች። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ተረተልኝ። የዘመኑ ልጅ ይህን ተረት ማወቁ ገረመኝ።

ማኅበሩን ሰበሰብኩ። አንዳችን ርቦኛል ማለት አለብን አልኳቸው፤ ያውም ስማችን ከነቃላችን መግቢያው ላይ ለሳምንት እንደሚሰቀል እያወቅን። ሁሉም ተገቢ ነው አለ፤ ሁሉም ደግሞ ከእኔ ይልቅ እገሌ ቢለው አለ። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ የሺመቤት ዝም አይነቅዝም ብለው ጀመሩ። ኧረ ይነቅዛል፣ ምድጃው ሊወሰድ ነው አልኳቸው። ጋሽ አሰግድ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ድስቱ ከተነሳ ሌላው ሰው ይከብደዋል እንጂ በየዘመዱ ተበታትኖም ቢሆን ያልፈዋል፤ እሳቸው ግን የማንንም በር አያንኳኩም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህም ወደዚያ ጥግ ያየ ሰው አልነበረም። እሳቸው በስብሰባው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ መልሱ የግድ እውነት መሆን አለበት ወይ አሉ። አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጨረሻ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይውጣ ተባለ። ወጣ፤ እትዬ የሺመቤት ላይ። እትዬ የሺመቤት ዕድሜ ልካቸውን ዕቁብ ጥለው ዕጣ ቀድሞ ወጥቶላቸው አያውቅም፤ አሁን ወጣ ብለው አማተቡ። ቤታቸው ሄጄ አለማመድኳቸው፤ እኔ ጠያቂዋን ሆንኩ። እንዴት አደሩ ስላቸው ደህና አይደለሁም ይላሉ፤ ወዲያው ይቅር በለኝ ብለው ወደ ኮርኒሱ ያያሉ። ይቅር በለኝን ያስወጡት ብዬ ለመንኳቸው። እሞክራለሁ አሉ።

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። በሩን ከፈቱ፣ ጠያቂዋ ጠየቀች። «ከብዶኛል» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ በጠራ ድምፅ። «ትናንት ራት የለ፣ ዛሬም ቁርስ የለ።» ጠያቂዋ በሐዘን ድምፅ አይዞዎት አለች። ይሄኔ እትዬ የሺመቤት አሳዘነቻቸው መሰለኝ፣ «ግን ተመስገን ልጄ፣ ከዚህ የባሰም አለ» ብለው አጽናኗት። አረንጓዴ።

ወደ ፎቄ ሮጬ ወጣሁ፤ የእኔ ቤት ገና አልተጠየቀም ነበር። ከብዶኛል ልል ነው አፌን የከፈትኩት፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። የወጣው ተመስገን ነው። ምላሴን ብነክሰው ደስ ባለኝ። ሩቂያን አየኋት፤ በሯ ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አልሐምዱሊላህ ብላለች።

ስወርድ ሰዉ ሁሉ መግቢያው ላይ ተሰብስቦ መስኮቱን ያያል። አረንጓዴው ከታች ወደ ላይ እየበራ ወጣ፤ አምስተኛ ፎቅ፣ ስምንተኛ፣ አሥረኛ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንድ ቤት ቀይ በራ። ቃሉም ከሥሩ ተጻፈ፤

«አሰግድ እባላለሁ። ሚዛን ስቆጣጠር በኖርኩበት ዘመን ጎደሎ አላሳለፍኩም። እዚህ ግን በየቀኑ ጨው ይጎድለዋል ስል ኖርኩ። ጎድሎት አያውቅም። ምሳዬ እሱ ነው፤ ራት የለኝም።»

እትዬ የሺመቤት ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። አንድ ሰው ዝናብ ሊመጣ ነው አለ፤ ሁላችንም ወጥተን ሰማዩን አየን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ድጎማው እኩለ ቀን ሳይሞላ ታደሰ። ምድጃው ቀረልን፤ መብራቱም ተለቀቀ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ጋሽ አሰግድ አልወረዱም። ሩቂያ ድስቱን ከድና ጠበቀች። ሰዉ ተሰልፎ አብሮ ጠበቀ። ወጡ ቀዘቀዘ፤ ተበላ።

በማግስቱም አልወረዱም። ሩቂያ በሳህን ይዛላቸው ወጣች፤ በሩን ሳይከፍቱ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ አሏት። እኔም ሄድኩ፤ ለእኔም በልቻለሁ ነው ያሉኝ። ሰዉ የመግቢያውን ጽሑፍ ላለማየት በቆሻሻ መጣያው በር በኩል መግባትና መውጣት ጀመረ፤ ቃሉን ግን በልቡ የማይወጣው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከፈንዱ ምስጋና መጣልን። ጋሽ አሰግድ በሁለተኛው ቀን ጠያቂዋ ስትጠይቃቸው ተመስገን ብለው ነበር፤ ቤታቸው አረንጓዴ ሆኗል። ቀይ ቤትን በአንድ ሌሊት አረንጓዴ ያደረገ ማኅበር እስካሁን አልታየም ተባልን፤ ለሌሎች ሕንፃዎች ምሳሌ እንድንሆን ተመረጥን። ሰውየው ከላይ ሆነው ምንም አይቀምሱም። ድስቱን ያተረፉልን እሳቸው፣ ከድስቱ የቀሩትም እሳቸው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ሩቂያ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሽንኩርቱ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች።

«ከዛሬ ጀምሮ ጨው አልጨምርም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቀማሽ የለኝም። ሳይቀመስ ጨው አላስገባም።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉ ይብላ።»

የዚያን ቀን ምስሩ ያለ ጨው ቀረበ። ጨው የሌለው ምስር ምን እንደሚመስል ላላወቃችሁ፣ እርጥብ ካርቶን ማለት ነው። ሰዉ ተሰልፎ ተቀበለ፤ ጎረሰ፤ ማንም ከሳህኑ ቀና አላለም። እኔ አንድ ሰው እንዲጮህ ጠብቄ ነበር። እትዬ የሺመቤት ሳህናቸውን ሲመልሱ «እጅሽ ይባረክ ሩቂያ፣ ምነው ዛሬ እንዲህ ጣፈጠ?» አሉ። በማግስቱ ድንቹ ያለ ጨው ቀረበ። ጣፈጠ ተባለ። ሽሮውም ጣፈጠ። አንድ ሰው ከቤቱ ጨው በወረቀት ጠቅልሎ ሲመጣ በሩ ላይ አየሁት፤ ሩቂያን ሲያያት ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ የተናገረ ግን የለም።

ናሆም ምሳሌ የሆነውን ማኅበር ሊቀርፅ መጣ። ሳህን ተሰጠው። ጎረሰ፤ ቆመ፤ እንደምንም ዋጠ። ሩቂያ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። «ተመስገን» አለ ልጁ፤ እስኪጨርስም አልቆመም። ምን ያህል እንደራበው ያወቅኩት ያኔ ነው።

እንዲህ ሳምንቱ ሊያልቅ ሆነ። ችግሩ ምንድን ነው፣ የሚያማርር ሰው ስለሌለ ወሬው አሥራ ሁለተኛ ፎቅ አይደርስም። ሕንፃው በሙሉ ካርቶን እየበላ ጋሽ አሰግድ አያውቁም። ስለዚህ ወጣሁ። አሳንሰሩን ትቼ በደረጃው ነው የወጣሁት፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። በራቸው ጋ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር።

«ጋሽ አሰግድ፣ ትርሲት ነኝ።»

«በልቻለሁ፣ ልጄ።»

«እሱን አይደለም የመጣሁት። ወጡ ጨው የለውም።»

ከበሩ ጀርባ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ አንድ ወንበር ቀርቷቸዋል ማለት ነው።

«ጨምሩበታ» አሉ።

«ቀማሽ የለም። ሩቂያ ሳይቀመስ አላስገባም ብላለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እርስዎ ከቀሩ ጀምሮ።»

«ሰዉ ምን ይላል?»

«ጣፈጠ ይላል።»

ወንበሩ መልሶ ተሳበ። ሄዱ ብዬ ነበር። ኋላ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ከበሩ ተጠግተው «የተጻፈውን አላነበብሽም?» አሉኝ።

«መነጽሬ ተሰብሮብኝ» አልኳቸው። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ይህን ብዬ ወረድኩ፤ እያንዳንዱን ፎቅ ሳልፍ ጠያቂዎቹ ከየበሩ እንዴት ዋሉ ይሉኝ ነበር። አልመለስኩላቸውም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሩቂያ የሽሮውን ክዳን ስታነሳ ደረጃው ላይ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ አሰግድ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ኮቱ በሳምንት ውስጥ ሰፍቷቸዋል። ሰልፉ ዞሮ አላያቸውም፤ ነገር ግን መንገድ ተከፈተ። ሩቂያ ሳህንና ዳቦ አቀረበች። ቆመው አንድ ጊዜ ጎረሱ። አላመጡ። ፊታቸው ተኮማተረ፤ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ጎደሎ ሚዛን ያገኘ ሰው ፊት እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼ አላውቅም።

«ይሄ ምንም ጨው የለውም!» አሉ።

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ አንድ ሰው አፍንጫውን ጠረገ። እትዬ የሺመቤት «እውነታቸውን ነው እኮ» አሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጣፈጠ ሲሉ የሰነበቱት እሳቸው። ሩቂያ ጨው በእፍኟ አንስታ ድስቱ ውስጥ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ደግማ ለጋሽ አሰግድ በሳህን ሰጠቻቸው። ተቀምጠው በሉ፤ ዳቦውንም ጨረሱ። እኔ በስውር መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀምሼ ነበር። ልክ ነው፤ የጎደለው አልነበረም።

ጋሽ አሰግድ አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሰልፉን አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ትንሽ ይጎድለዋል» አሉ።

ሩቂያ ጭልፋውን ሞልታ ደገመቻቸው።